አፏን ከፍታ ዝም ያለችው ድመት

«ተረት ተረት።»

«የጆሮ እራት።»

በድሮ ዘመን ድመት ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራት። የቆላዋም የደጋዋም እኩል ትጮህ ነበር። ዛሬ አንዷ ቀኑን ሙሉ ስትነዘንዝ ትውላለች። አንዷ ደግሞ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንተ፣ የድመቷን ጅራት ልቀቅና ስማ።

በገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። በነሐሴ ወር ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣና መንደሯን ይሞላታል። ከቤቶቹ ጣሪያቸው ብቻ ይታያል፤ በውሃ ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ላሟ ስትግጥ ደመና የምትግጥ ይመስላል። ሰው ሰውን የሚያገኘው በድምፁ ብቻ ነበር።

በዚህ ጉም ውስጥ አልጣሽ የምትባል ሴት ምጥ ያዛት። የቤቷ ድመት ደግሞ ከእርሷ ቀድማ ወልዳ፣ ሁለት ግልገሎቿን በጓዳ ጭድ ላይ ታጠባ ነበር። የአልጣሽ ባል ሞላልኝ ይህን አየና፦ «በአንድ ቤት ሁለት አራስ አይሆንም» አለ። ማን እንደነገረው እንጃ። ወንድ ሲጨንቀው ሕግ ያወጣል። ግልገሎቹን በአሮጌ ቅርጫት አደረገና በመንደሩ አጠገብ ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ጥሏቸው መጣ።

ድመቲቱም ከቤቱ ጀርባ ተቀምጣ ትጣራ ጀመር። ጉም ነውና ዓይን አይረዳም። ልጆቿ ድምፅዋን ሰምተው እንዲመጡ ነበር ተስፋዋ።

በደጅ በኩል የመንደሩ ሴቶች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠግተው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሕፃን ሲያለቅስ እልል ይባላል። ለወንድ ይረዝማል፣ ለሴት ያጥራል። ይህንንም ወግ ያወጡት ወንዶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሕፃን ተወለደች። ግን አላለቀሰችም። አዋላጇ እትዬ ደብሪቱ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ ቀዝቃዛ ውሃ እፍ አለችባት። ምንም የለም። ልክ በዚያን ጊዜ ድመቲቱ ከቤቱ ጀርባ ጮኸች።

«አለቀሰ» አለች አንዷ ሴት ከደጅ።

«ወንድ ነው፤ ጉሮሮውን አትሰሚም?» አለች ሁለተኛዋ።

«ቁርጥ አባቱን ነው። ያም በሬውን ሲጠራ እንዲህ ነው የሚያላዝነው።»

እልልታውንም አቀለጡት። የወንድ እልልታ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደርም ሰምቶ እልል አለ። ከዚያም በግድግዳው ስንጥቅ አፋቸውን አስጠግተው፦ «አልጣሽ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

አልጣሽ ዓይኗን ገለጠች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ አለቀሰልኝ አይደል? እልል ሲሉ ሰማሁ። አሳዪኝ እስቲ።»

«ሴት ናት። ቆይ፣ ላጥባትና» አለች እትዬ ደብሪቱ። ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች። ድመቲቱንም በጉሙ ውስጥ አገኘቻት።

«አንቺ ነሽ ያለቀስሽው?»

«ልጆቼን እየጠራሁ ነው።»

«ድምፅሽን ለዚች ስጫት። እናቷ እልልታውን ሰምታለች። አሁን ልጅሽ ሞታለች ብዬ ብነግራት እርሷም ተከትላት ትሄዳለች።»

«የእኔዎቹስ?» አለች ድመቲቱ። «ጉሙን አታዪም? ከዚህ ድምፅ ሌላ መንገድ የላቸውም።»

እትዬ ደብሪቱ ልጆችሽ ይመጣሉ ብላ ልትምልላት አፏን ከፈተችና ተወችው። «እውነትሽን ነው» አለቻት ብቻ።

ድመቲቱ ሕፃኗን አሸተተቻት። የእርሷም ልጆች ሲወለዱ እንዲሁ ይሸቱ ነበር። ከዚያም አፏን ከሕፃኗ አፍ ገጠመችና ያላትን ድምፅ ሁሉ ተነፈሰችላት።

ሕፃኗ አለቀሰች።

ሴቶቹ ሴት መሆኗን ሲሰሙ ደግሞ ተከራከሩ። «የተረፈውን እልልታ ምን እናድርገው?» አለች አንዷ። «ለሠርጓ ይቆይላት» አለች ሌላዋ። ሳቁና ገንፎውን በሉ። ድመቲቱ የት ገባች ያለ አልነበረም።

እርሷማ ወንዙ ዳር ነበረች። አፏን ትከፍታለች፤ ጉሙ ይገባል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። ሕፃኗ ግን ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። ለቅሶዋም በጉሙ ላይ እንደ ላባ ተንሳፍፎ ወንዙን ተሻገረ።

በቅርጫቱ ውስጥ አንደኛዋ ግልገል ጆሮዋን አቆመች፦ «እማ ናት።»

«እማ ናት» አለች ሁለተኛዋ። «ግን ለምን እንዲህ ትንሽ ሆነች?»

ተያይዘው ወጡና ድምፁን ተከተሉ፣ ድንጋይ ለድንጋይም እየዘለሉ ወንዙን ተሻገሩ። ፊተኛይቱ በቀጥታ ወደ ቤት ገባችና ከሕፃኗ አጠገብ ተኛች። ከእርሷም ለቅሶ ተማረች። ሲርባት ታለቅሳለች፣ ሲበርዳት ታለቅሳለች፣ ምንም ሳትሆንም ታለቅሳለች። ጯሂዎቹ ድመቶች የእርሷ ዘሮች ናቸው።

ኋለኛይቱ ግን ወንዙ ዳር የእናቷ ሽታ ሸተታትና ቆመች። እናቷ አፏን ከፈተች። ምንም አልተሰማም። ግልገሏ ከደረቷ ሥር ገባች፤ እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ሰማች። የሰጠችው የአፏን ነበርና የደረቷ ቀርቶላት ኖሯል። እኛ «ድመቷ ዳዊት ትደግማለች» የምንለው ይኸው ነው። ግልገሏም ያንን ብቻ ተማረች። ዝምተኞቹ ድመቶች ከእርሷ የወጡ ናቸው።

ልጅቱም አደገች። ድምፀ መልካም ሆነች፤ በየሠርጉ እልልታዋን ብለው ይጠሯት ጀመር። ድመቲቱም ከስንት ዘመን በኋላ፣ ጥርሷ ረግፎ፣ አንድ ቀን መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ እያየቻት አፏን ከፈተች።

«ይህች አሮጊት ስታዛጋ ልትውል ነው እንዴ» አለች ልጅቱ። መጥረጊያ አነሣችና፦ «ሂጂ ከዚህ» አለቻት፣ በድመቲቱ በራሷ ድምፅ።

ድመቲቱ አላዛጋችም ነበር። ደህና ከርመሻል ወይ እያለቻት ነበር።

እንግዲህ ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፣ ለእኔም ከቂጣው ቁረሱ።