ባቡሩ መጣ፤ ነጂውስ?

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜውን በባቡር ነጂነት ጨርሶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የተቀመጠ ሰው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ እጁ ግን ገና ብረት ይናፍቃል።

የድሬዳዋን ቀትር ታውቁታላችሁ? ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። ውሻው ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሰዉ ከአጎበር ሥር። ቅጠል አይንቀሳቀስም። አየሩ ራሱ እንደ ውኃ ይርገበገባል፤ ሩቅ ያለው ግድግዳ የሚዋኝ ይመስላል። ሁሉ በተኛበት በዚያ ሰዓት ይህ ሰው ብቻውን ግቢው ውስጥ ቆሞ ሐዲድ ይገጥም ነበር። ትንሽ ሐዲድ። ስፋቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ በእንጨት እግሮች ላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሐዲድ።

ለማን ይመስላችኋል? ለሚስቱ ነበር።

ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ ታማ ተኝታለች። ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ምላሷም ከብዷል፤ አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ትደክማለች። አልጋዋን ከቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር አድርገውላታል፤ እዚያ ነፋስ ትንሽ ይገባል። መድኃኒት የምትባል የእህቷ ልጅ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች።

እሱስ? እሱ እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ያችን ቀልጣፋ ሴት እንዲያ ሆና ማየት አቃተው። በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። መልሱን ከአፏ እስክታወጣ ግን አይታገስም፤ ፊቱን አዙሮ ይወጣል። ይወዳታል እኮ! ስለሚወዳት ነው የሚወጣው።

እናም አሰበ። «እኔ መግባት ካቃተኝ» አለ በልቡ፣ «ባቡር እልክላታለሁ።»

የባቡሩን ራስ ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠራው። ሆዱ ውስጥ በባትሪ የሚዞር ሞተር አገባበት፤ በሪሞት እንዲታዘዝም አደረገው። ከኋላው አንዲት ክፍት ፉርጎ ቀጠለለት፤ የማንጎ ቁራጭ ወይም ጥቂት አበባ የምትይዝ። ሐዲዱ ከፊት ለፊት በረንዳ ተነሥቶ፣ ቤቱን ዞሮ፣ ከመስኮቷ ደፍ ላይ ይደርሳል። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ይነዳዋል፤ እሷ ከአልጋዋ ሆና ትቀበለዋለች። ሕልሙ ይህ ነበር።

ግን ባቡሩ አልደረሰም።

በረንዳውን ይለቃል፣ ሎሚ ዛፉን ያልፋል፣ ቤቱን ሊዞር ከብረት የውኃ ታንከሩ ጥግ ሲደርስ ቀጥ! ሪሞቱን ቢጫነው የለም። ዛሬ ቀጥ፤ ነገም ቀጥ። እሷ ከመስኮቷ ሥር ሆና ሲመጣ ትሰማዋለች። ሲቆምም ትሰማዋለች።

ሪሞቱን ይዞ ለምን አልተከተለውም? ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። «ከበረንዳው ሆኜ እንዲደርስ ነበር የፈለግሁት» አለኝ።

ምን ያላደረገው ነገር አለ? የሪሞቱን ባትሪ በአዲስ ቀየረ። ወንበር ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሪሞቱ ላይ ረጅም የመዳብ ሽቦ ቀጠለ። ባቡሩ አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ያው ነው፤ ይቆማል።

አንድ ቀን አቶ ዘካርያ የሚባል የድሮ ባልደረባው በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። በምድር ባቡሩ የስልክ ክፍል የሠራ ሰው ነው። ከትርንጎ ዘንድ ቆይቶ ሲወጣ ጓደኛውን በረንዳው ላይ አገኘው፤ ሪሞት ይዞ፣ ወንበር ላይ ቆሞ።

«ሀብተየስ፣ ምን ሆነህ ነው? ጣሪያ ልትጠግን ነው?»

«ይኼ ሪሞት ጉልበት የለውም፤ አይደርስልኝም።»

«ጉልበቱን ተወውና የባቡሩን ክዳን ክፈትልኝ።»

ከፈቱት። ምልክት የምትቀበለው ቀጭን ሽቦ እንደ ክር ተጠቅልላ፣ ከቆርቆሮው ሆድ ውስጥ ተወትፋለች።

«ተመልከት» አለው ዘካርያ እየሳቀ፣ «አንተ እዚህ ትጮኻለህ፤ እሱ ጆሮውን በብረት ደፍኖ ተቀምጧል። እንዴት ይስማህ?»

ጣሪያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሱ። ሽቦዋን ፈትተው፣ በመጠጫ ቀሰም ውስጥ አሳልፈው፣ ከብረቱ ርቃ ወደ ላይ ቀጥ ብላ እንድትቆም አደረጓት። ዘካርያ ሀብተየስንም ክንዱን ይዞ ወደ በረንዳው ጫፍ ወሰደው፤ ታንከሩ እንዳይጋርደው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። የድሬ ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። ፉርጎዋ ላይ ነጫጭ የጽጌ ረዳ ቅጠሎች አሉ። ባቡሩ ተነሣ። ሎሚ ዛፉን አለፈ። ታንከሩ ጥግ ደረሰ፤ አልቆመም! ቤቱን ዞሮ ከዓይን ተሰወረ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ፣ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚሰማ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሳቅ ተሰማ። የትርንጎ ሳቅ። ከታመመች ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ።

ሀብተየስ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ለምን ዝም አልከኝ?» እንላለን፤ እሱ ዝም አላለም፤ እኛ ነን ጆሯችንን በብረት የደፈንነው። እውነት ነው። ግን ታሪኩ እዚህ አላበቃም።

መድኃኒት ወደ በረንዳው መጣች። «ጋሼ፣ አክስቴ ትጠራዎታለች።»

ሄደ። እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ትርንጎ የአበባውን ቅጠል በግራ እጇ ይዛ አየችው። ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ።

«ባቡሩ... መጣ። ነጂውስ... የት አለ?»

ፊቱን ሊያዞር ሲል ቀጠለች።

«ድሮ... ከቤታችን ጀርባ ስታልፍ... በፊሽካ ሰላም ትለኛለህ። እወጣለሁ። ታልፋለህ። ሥራ ነው... እል ነበር። አሁንስ... ምን ሥራ አለህ?»

በዚህ ጊዜ አልወጣም። እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ «እፈራለሁ፣ ትርንጎ» አላት።

«እኔም... እፈራለሁ። ተቀመጥ። አብረን... እንፍራ።»

ተቀመጠ። ወገኖቼ፣ ያ ሰው ተቀመጠ! ከዚያ ቀን ወዲያ ወንበሩ ከአልጋዋ አጠገብ ሆነ። ሪሞቱን በግራ እጇ አስያዛት፤ እሷ ነጂ፣ እሱ ተሳፋሪ ሆኑ። በከሰዓቱ ሙቀት ባቡሩ ከመስኮቱ ወደ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ መስኮቱ ሲመላለስ እያዩ፣ አንዳንዴ ሁለቱም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ትርንጎ አርፋለች። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው ይህን ሁሉ የነገረኝ። «እጇን ይዤ ነው የሄደችው» አለኝ። «በረንዳው ላይ ብሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

እናንተስ? ለእናታችሁ ስንቅ ትልካላችሁ፤ መልካም ነው። ለታመመው ወንድማችሁ በሰው እጅ ብርቱካን ትልካላችሁ፤ መልካም ነው። ለተጣላችሁት ጓደኛ በስልክ «እንኳን አደረሰህ» ትጽፋላችሁ፤ ይድረስለት! ግን የላካችሁት ሲደርስ፣ እነዚያ ሰዎች በሩን አሻግረው ማንን የሚፈልጉ ይመስላችኋል?

አምላካችንስ ምን አደረገ? ከሰማይ ሆኖ መላክ አቅቶት ነበር? ዝናብ ልኳል፣ እንጀራ ልኳል፣ ነቢያት ልኳል። ሁሉም ደርሰዋል። ግን አልበቃውም። የሚያስፈራን ነገር ወዳለበት፣ ሕመማችን ወዳለበት ክፍል ራሱ ገባ። ተቀመጠ። አብሮን ፈራ፤ አብሮን አለቀሰ።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ልትገቡበት የፈራችሁት አንድ በር አለ። የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አሁን ስናገር እንኳ ልባችሁ ውስጥ መጥቷል። ወደዚያ ሂዱ። ምን ልያዝ? ምን ልበል? አትበሉ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ። አንኳኩ። ከውስጥ «ማነው?» ሲሏችሁ፣ «እኔ ነኝ» በሉ።