የአቶ ሸዋንግዛው ድንኳን

ሲጋራ በማከፋፈል የከበሩት አቶ ሸዋንግዛው አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ላይ ከተፍ አሉ። እድርተኛው፣ ሲጋራ በየሱቁ በፍሬ እንዳይሸጥ፣ ሰው በተሰበሰበበትም እንዳይጨስ ሕግ ይውጣልን ብሎ፣ ፈርሞ ለምክር ቤት ማመልከቱን ሰምተዋል። ቁጣ ግን አላሳዩም፤ ይልቁንም መቶ ሰው የሚይዝ አዲስ ድንኳን አስጭነው ነበር የመጡት።

የእድሩ አሮጌ ድንኳን እንደ ወንፊት ያፈስ ነበርና ሰዉ ሸራውን እየዳሰሰ አደነቀ።

«ስጦታዬ ነው» አሉ አቶ ሸዋንግዛው ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «እናንተ ደግሞ ያቺን ማመልከቻ አንሱልኝ።» ከዚያ ወደ ጥሩንባ ነፊው ዞሩ። ሰው ሲሞት ሰፈሩን የሚጠራው፣ ፊርማውንም ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው እሱ ነበር። «አንተው ሂድና አምጣት። ወይስ ድንኳኑን መልሼ ልጫነው?»

ክረምቱ ደጅ ላይ ነውና የእድሩ ዳኛ አቀረቀሩ። ጥሩንባ ነፊው ግን በዚያ ዓመት ብቻ ሳንባቸው አልቆ ለሞቱ ሦስት አጫሾች መንፋቱ ትዝ አለው። ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ሌላው ነጋዴ ሸጦ ደንበኛውን ይረሳል፤ እርስዎ ግን እስከ ለቅሶው ድረስ አሰቡለት። ማመልከቻዋን የማናነሣው ታዲያ ለእርስዎው ብለን ነው።»

«ለእኔ?»

«ለድንኳንዎ! ሕጉ ካልወጣማ በየሳምንቱ ስንተክል ስንነቅል፣ ዓመት ሳይሞላው ተበጣጥሶ ሌላ ይስጡን ብለን ልናስቸግርዎ አይደል?»