የልባርጋቸው መድኃኒት

አንድ ቀን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ልባርጋቸው ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንዱ እግሩ ካልሲ አለው፣ ሌላው የለውም። «ጋሽ ቸኮል፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ፤ ላገባ ነው» አለኝ። የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው፣ እምቢ ብለው የአባቱ አጥንት ይወቅሰኛል። ኮተቤ ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ ነው። ሥራው ላይ ካያችሁት ትወዱታላችሁ፤ ከአንዱ ሾፌር ጋር እየተጨቃጨቀ ለሌላው ሰው ይሞላል፣ እግረ መንገዱን የሦስተኛውን ጎማ በእርግጫ ይፈትሻል። ቤቱ ሲደርስ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ቁልፉን ሲፈልግ ያመሻል። አባቱ ልባርጋቸው ብሎ ስም ሲያወጣለት ልቡን ማን ጋ አደራ እንዳስቀመጠለት እንጃ!

«ልጅቷ ማን ናት?» አልኩት።

«ትዕግሥት ትባላለች፤ ሰፈሩ ግን ቲጂ ነው የሚላት። የአቶ ጥሩነህ ልጅ።» ስሟን ሲጠራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዷታል፣ ምን ይደረግ።

«ቤታቸውስ የት ነው?»

«ከቧንቧው አለፍ ሲሉ፣ አረንጓዴ በር።»

በሳምንቱ እሑድ እኔ፣ መምሬ አስናቀና የዕድራችን ዳኛ ጋቢያችንን አጣፍተን ሄድን። ከቧንቧው አለፍ አልን፣ አረንጓዴውን በር አንኳኳን። መለዮ ያደረጉ አንድ አዛውንት ከፈቱልን። ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና አልጠየቅንም። ቆመን ሳለን መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

«ልጅ የለኝም» አሉ ሰውዬው።

ዳኛው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ወጉ ነው» አለ፤ «በአንዴ አይሰጡም።»

«ልጅ የለኝም እኮ ነው የምላችሁ! ሚስትም አግብቼ አላውቅም!»

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!» አሉ መምሬ በሹክሹክታ። «ልጃቸውን እንዴት ቢሳሱላት ነው!»

በሚቀጥለው እሑድ ተመለስን። ከዚያም በሚቀጥለው። ሰውዬው እየከሱ ሄዱ። በመጨረሻ መለዮአቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉና «እሺ! ሰጥቻለሁ! ውሰዷት! ውሻውንም ጨምራችሁ ውሰዱልኝ!» ብለው ጮኹ። ጉልበታቸውን ሳምን። እልል የምትል ሴት ስላልነበረች መምሬ ራሳቸው እልል አሉ።

ለካ እኛ ልጅ የለመንነው ሻምበል ገድሉ የሚባሉ ላጤ ጡረተኛ ኖረዋል! አቶ ጥሩነህ ደግሞ፣ እውነተኛው አባት፣ ሰማያዊ በር ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። በመጀመሪያው እሑድ ዶሮ ተሠርቶ ነበር፣ በሁለተኛው ሽሮ፣ በሦስተኛው ዱላ። ቲጂ ስልክ ደውላ «አልመጡም እኮ» ስትለው ልባርጋቸው «እንዴት አልመጡም? አባትሽ ናቸው እየመለሷቸው ያሉት!» ይላታል። እሷም «ሽማግሌ መልሰህብኛል» ብላ አባቷን አኮረፈቻቸው። እንዲህ ባለበት ሰዓት ነው እንግዲህ ልባርጋቸው «ሰጥተውኛል» ብሎ የአቶ ጥሩነህን ጉልበት ሊስም ዘው ያለው። ዱላው እሱ ላይ አለቀ።

«አንተ፣ በሩ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ አረንጓዴ ያልከኝ ምንህን አሞህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

አንገቱን ደፋ። «ጋሽ ቸኮል፣ በሩ ላይ ሳያት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ነበር» አለኝ።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን፣ በሰማያዊው በር። አቶ ጥሩነህ ስማቸው ብቻ ነው ጥሩነህ። «ንቃችሁኛል! የኔን ልጅ ትታችሁ የላጤ ልጅ ለመናችሁ!» እያሉ ቤቱን አናወጡት። ቲጂ ናት ያዳነችን። ስልኳን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ንቀት አይደለም። ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር አለ፣ የትኩረት ማነስ። ቲክቶክ ላይ ሲያስረዱ አንድ በአንድ ልባርጋቸውን ነው የሚናገሩት» አለች። እኔ መጨረሻውን ብቻ ሰምቼ አዲስ የመጣ ቴሌቪዥን መስሎኝ ነበር።

«በሽታ ከሆነ ሐኪም ይንገረኝ!» አሉ አቶ ጥሩነህ። «በመንግሥት ቤት ወረፋ እስኪደርሰው ልጄ ታረጃለች፤ የግል ክሊኒክ ይመርመር። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ይሄ ብቻውን ከሄደ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የሚገባው። ንቀት ነው ካለ፣ በደጄ እንዳያልፍ። ንቀት አይደለም ካለ ግን፣ ሐኪሙ ያዘዘውን አንዲት ሳላጓድል እፈጽማለሁ። ቲጂ ትሙት!»

እኔም የመሐላው ምስክር ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ደህና ክሊኒክ ነው፣ ወንበሩም ለስላሳ ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ግን ብዙ ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ «ተቀመጡ፣ ትጠራላችሁ» አለችን። እኔ ጋዜጣ አንስቼ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ቀና ብል፣ ልባርጋቸው በሽተኛውን ሁሉ ከወንበሩ አስነስቶ አሰልፎታል። «ጠጋ ጠጋ በሉ! እናት፣ ቦርሳዎን እቅፍ! አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው!» ይላል። አንዱ ምስኪን ሒሳብ ሊከፍለው ኪሱ ገባ።

በመጨረሻ ዶክተር ሚልክያስ ጋ ገባን። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ መጠየቂያውን ይዞ ጀመረ።

«ዕቃ ይጠፋብሃል?»

ልባርጋቸው አፉን ሳይከፍት አቶ ጥሩነህ ቀደሙት። «ማን የማይጠፋበት አለ? እኔ ራሴ መነጽሬን ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግኩ ነው!» መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው።

«አባባ፣ እሱ ይመልስ» አለ ዶክተሩ። «እሺ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ታቋር...»

«ኧረ እሱስ አያቋርጥም!» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ባለጌ አይደለም፣ እውነቱን እንነጋገር!»

ዶክተሩ ላቡን ጠረገ። «ተራ መጠበቅ ይከብድሃል?»

«ተራ መጠበቅማ እንጀራዬ ነው!» አለ ልባርጋቸው ኮራ ብሎ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። የምጠይቅህ ስለ ትኩረትህ ነው፣ ገባህ?»

«ከገባሁማ ቆየሁ ዶክተር፤ መውጫዬን ንገረኝ።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። «ረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ቁጭ ማለትስ?» ብሎ ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። ልባርጋቸው በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ታች ግቢ ውስጥ መኪና የምታቆም ሴትዮ ያስተናብራል። «ኋላ! ኋላ! አሁንም ኋላ!» ከጎኑ ደግሞ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አቶ ጥሩነህ! «ግራ ስበሪ! ግራ ነው ያልኩሽ! ቀኝ ነው እንዴ ግራሽ?» ይላሉ። ሁለቱ ተስማምተው ሲሠሩ ሳይ፣ እነዚህ ሰዎች አማችና አማት ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው ብዬ ተቆጨሁ።

ብዙ ተጠይቆ፣ ብዙ ተጽፎ፣ ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጠርጥረው የመጡት ልክ ነው፣ ኤዲኤችዲ ነው» አለ። «ልጁ ንቀት የለበትም። ሰነፍም አይደለም፣ ግድ የለሽም አይደለም። አፈጣጠሩ ነው፤ ሕክምናም አለው።»

ልባርጋቸው ዝርክርክ፣ ቀልበ ቢስ ሲባል ያደገ ልጅ ነው፤ «ሰነፍ አይደለህም» ያለው ሰው ይሄ የመጀመሪያው መሆን አለበት። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አንጀቴን በላው።

«እሰይ!» አሉ አቶ ጥሩነህ። «በሽታ ነው ተባለ። እንግዲህ ለበሽተኛ ልጄን አልሰጥም!»

ደሜ ፈላ። «አቶ ጥሩነህ! ንቀት ቢሆን ሊከለክሉ፣ በሽታ ቢሆን ሊከለክሉ፣ ታዲያ እዚህ ድረስ ያመጡን ለምንድነው? መሐላዎስ?»

«መሐላዬን አላፈርስም! ሐኪሙ ያዘዘውን እፈጽማለሁ ነው ያልኩት። ክኒን ካዘዘ ክኒን እገዛለታለሁ። መርፌ ካዘዘ እኔው ጨምድጄ ይዤ አስወጋዋለሁ። ልጅዎን ይስጡት ብሎ የሚያዝ ሐኪም ግን የት አገር ነው ያየኸው?» ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «አንተም ተነስ፣ ቀልበ ቢስ! በር የማይለይ ሰው ልጄን ሊያገባ! ዛሬ ነው የሚያበቃው!»

ልባርጋቸው ፊቱ አመድ መሰለ። ሰውዬው በሕግ ነው የያዙን። በቃ፣ ቲጂ ሄደች አልኩ በልቤ።

ዶክተሩ ግን ጩኸቱን አልቻለም። ብድግ አለ። «አባባ፣ ይበቃል! እንዲህ አይጩሁበት! ይሄ ልጅ ከእርስዎ የሚፈልገው ክኒን አይደለም፣ መርፌ አይደለም። ከእርስዎ የሚፈልገው ትዕግሥትን ብቻ ነው!»

ልባርጋቸው ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ሰሙ ጋሼ?» አለ። «ሐኪሙ ያዘዘልኝ መድኃኒት ፋርማሲ የለም፤ ያለው እርስዎ ቤት ነው።»

አቶ ጥሩነህ ወደ ዶክተሩ ዞሩና እንደ ለማኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ዶክተር፣ በሞቴ! መርፌ እዘዝለት!»

ዶክተሩ ምን ያውቃል ምስኪን። «መርፌ ምን ያደርግለታል? ትዕግሥት ነው ያልኩዎት! ሳይሰስቱ ይስጡት!»

እኔም የዳቦ ስሜ ሽማግሌ አይደል፣ ነገሩን ላጥብቅ ብዬ «ዶክተር፣ ለአንድ ሰሞን ነው ወይስ ለዘለቄታው?» አልኩት።

«የዕድሜ ልክ ነው!» አለ።

«መሐላ ነው አቶ ጥሩነህ» አልኳቸው። «በራሷ ነው የማሉት።»

በደረጃው ወርደን ታች ስንደርስ «መነጽሬን ላይ ረስቼዋለሁ» አሉ። ልባርጋቸው ከግንባራቸው ላይ አውርዶ አደረገላቸው።

ሠርጉ ደመቀ። ሻምበል ገድሉ ከነውሻቸው መጥተው ከሙሽራዋ ወገን ተቀመጡ፤ «እኔም ሰጥቻለሁ» አሉ፣ የሚያስነሳቸው አልተገኘም። መምሬ እንደገና እልል አሉ።

አቶ ጥሩነህን ግን ያ መጠየቂያ ከነከናቸው። ለሐኪሙ ጥያቄ ሁሉ «እኔም» ሲሉ ነበር የዋሉት፤ ቲጂም ስልኳን ይዛ እሳቸው ላይ ዞረች። ክረምቱ እንደወጣ ሊመረመሩ እዚያው ክሊኒክ ሄዱ፣ እኔም እንደለመድኩት ተከተልኩ። ተቀመጡ ሲባሉ ይነሳሉ፣ በሩን ይገፋሉ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምታስጠብቁኝ?» እያሉ ይጮሃሉ። ዶክተር ሚልክያስ ብቅ አለ።

«ምነው አባባ! ትንሽ እንኳ ትዕግሥት የለዎትም?»

«ከየት ላምጣ?» አሉ አቶ ጥሩነህ። «የነበረችኝን አንዷን አንተ አይደለህም ለሱ ያዘዝክለት!»