ተገልብጦ የሚመለሰው ትሪ

ዙሪያዋን ግንብ በከበባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። አሥር ሰው ከቦ የሚበላበት የመዳብ ትሪ ነበራቸው። በዚያ አገር የሙሽራው ወገን ከአንድ ትሪ ካልበላ እንደተናቀ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ልጁን የሚድር ሁሉ ትሪውን ከእሳቸው ይዋሳል። የተዋሱት ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ተምር ወይም ሐልዋ ይደረግበታል።

አንድ ጁምዓ ሐጂ ከሶላት በኋላ ለጀመዓው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትሪዬን የወሰደ ባዶውን፣ ገልብጦ ያምጣልኝ። አንዳች ነገር ካለበት አልቀበልም» አሉ።

ጉድ ተባለ! «ሐልዋችንን ተጸየፉት» ያለ አለ። «በስተርጅና ኮሩ» ያለም አልጠፋ። ምራታቸው ሰዓዳ ይህን ገበያ ላይ ስትሰማ ወደ ቤት ገሰገሰች። ደግሞ ነገሩ ምን ይሆን? ሰዓዳ እንደሆነች አንድ ነገር ሳታውቅ ከቀረች ምግብም አይበላላት።

«አባባ፣ ስምዎን እያጠፉት እኮ ነው! ምክንያቱን ቢነግሯቸው ምናለበት?»

«ሶብር አድርጊ፣ ልጄ» አሉና ሙስበሃቸውን ወደ መቁጠር ተመለሱ። እንግዲህ ይህም መልስ ተብሎ ነው!

በሳምንቱ ጎረቤታቸው ዙልፋ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰፌድ ሰፍታ የምታድር፣ ልጇን ልትድር ቀን የቆረጠች ሴት ናት። አንገቷን ደፍታ፣ «ትሪው... ባዶውን ነው አይደል የሚመለሰው?» አለች።

«ባዶውን፣ ተገልብጦ» አለች ሰዓዳ።

«አልሐምዱሊላህ! ለመመለሻው የማደርግበት የለኝም ብዬ፣ አማቾቼን በየሳህኑ ላበላ ነበር እኮ።»

ሰዓዳ ትሪውን አስይዛ ከሸኘቻት በኋላ እንባዋ እየቀደማት ወደ ሐጂ ገባች። «በምን አወቁ፣ አባባ?»

«ከዚያ ጁምዓ በፊት ሦስት ቀን እደጃችን እየደረሰች ስትመለስ አይቻት። ታዲያ ለማንም እንዳትነግሪ። እኔ ያዋስኩት ትሪ ነው፤ ጭንቀት አብሮት አይሂድ።»

ወገኖቼ፣ ለዙልፋ ብቻ ቢፈቅዱላት ኖሮ ማጣቷን አደባባይ ባወጡት ነበር። ስለዚህ ባለጸጋውንም ባዶ አስመለሱት፣ ሐሜቱንም ችለው ዝም አሉ። እኛ ስንሰጥ የተቀባዩን ፊት ልብ ብለን አይተን እናውቃለን? ኒካሑ ባለፈ ማግስት ዙልፋ ትሪውን ገልብጣ በአናቷ ተሸከመች። በጠራራ ፀሐይ፣ እንደማንኛዋም ሴት ቀና ብላ፣ መሀል ገበያውን አቋርጣ መለሰችው።