የገብረየስ እናት ቀፎ

በአንድ ወቅት ደምለው የሚባል፣ አገር ምድሩ አደራ የሚያስቀምጥበት ሽማግሌ ነበር። መታመኑ ደስ ይለው ነበር፤ የልብ ወዳጁ ንብ አርቢው ገብረየስ እስኪታመም ድረስ። ገብረየስ ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱንና ምስክሮችን አስጠርቶ ተናዘዘ፤ ኑዛዜውን እንዲፈጽምለትም ደምለውን መረጠ። መሬቱን፣ ከብቱንና ቀፎዎቹን ለሦስት ልጆቹ እኩል አደለ። አንዷን ቀፎ ግን ለይቶ አስቀረ። ጓሮው ካለው ዋንዛ ላይ የተሰቀለች፣ የሌሎቹ ሁሉ መነሻ የሆነች እናት ቀፎ ናት።

«እሷን በአርባዬ ቀን፣ ንቤን ከመጥፋት ለሚጠብቅልኝ ልጅ ስጥልኝ» አለው። «የቱ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ደምለው አላወቀም። ሆኖም ሊሞት ካለ ወዳጁ ጋር መከራከር ስላልሆነለት እሺ ብሎ ማለ።

የልጆቹም ነገር የሚመች አልነበረም። ወንዱ ልጅ ይርጋ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጁን ሳይረግጥ ኖሮ የመጣው ለቀብር ነው። ታላቅ እህቱ ማንጠግቦሽ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰችለትም። ታናሽየዋ ስንዱ በሁለቱ መካከል ዝም ብላ ትመላለሳለች።

መሬቱና ከብቱ ያለ ጭቅጭቅ ተከፈለ። ደምለውን እረፍት የነሳው የቀፎዋ ነገር ነው። ሌባ ቢወስዳትስ? ከልጆቹ አንዱ ቢቀድምስ? ጠንቃቃ ሰው ነበር፣ ያውም ሲበዛ። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የአደራ ዕቃ አውርዶ ወደ ቤቱ ወሰዳትና ከጎተራው ጥግ አስቀምጦ የግቢውን በር ዘጋ። ንብ ግን በር አይዘጋበትም። ለአርባው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ንቦቹ ግልብጥ ብለው ወጡና ኮበለሉ። ደምለው ጮኸ፤ ሦስቱም ልጆች እየሮጡ መጡ።

በዚያ አገር ልማድ የኮበለለ ንብ የባለቤቱ ሆኖ የሚቆየው ዐይኑን ሳይነቅል እስከተከተለው ድረስ ነው። ከዐይን ከተሰወረ ላገኘው ይሆናል። ማንጠግቦሽ ያን ዕለት ጤፏን የሚያጭድላት ደቦ ጠርታ ነበር። ደቦውን እንዳለ ጥላ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ እንዳቀናች ሁለት ወንዝ ተሻገረች። እሾህ እግሯን ሲቦጫጭረው አንዴ እንኳ ወደ ታች አላየችም። መንጋው ገደል አፋፍ ላይ ካለ ሾላ ሲያርፍ ከሥሩ ቁጭ አለችና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ባለቤት አለው» እያለች ጠበቀች።

ይርጋ ደረሰ። መንጋው ያረፈበት ቅርንጫፍ ከገደሉ በላይ የተንጠለጠለ ነው። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን ለእህቱ ሲሰጣት ተቀበለችው።

«አጥብቀህ እሰረው» አለችው። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ወጣና ባዶ እጁን መንጋው ውስጥ ከተተ። አባቱ በልጅነቱ እንዳሳየው በጣቱ እየዳሰሰ ንግሥቲቱን ንብ፣ አውራዋን አገኛት፤ ከስንደዶ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ውስጥ አስገብቶም ይዟት ወረደ። ንቦቹ ተከትለውት ሲመጡ ፊቱ አብጦ ዐይኑ አይታይም ነበር።

ደምለው ደስ ብሎት ንቦቹን ወደ ቀፎዋ መለሳቸው። ከሰዓት በኋላ ግን እንደገና እየተግተለተሉ መውጣት ጀመሩ። ይህን ጊዜ ከቀፎዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ስታስተውል የዋለችው ስንዱ ተነሳች።

«አያ ደምለው፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ንቦቹን ያባረሯቸው እርስዎ ነዎት» አለችው።

ደምለው ፊቱ ጋለ። በዕድሜው ሁሉ እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። እሷ ግን ፈቃድ አልጠበቀችም። ጥጉ ፀሐይ እንደማያገኘው፣ የቀፎዋም አፍ ወደ ግድግዳ እንደዞረ አሳየችው። ከዚያ ቀፎዋን ጠርጋ፣ በእበት መርጋ፣ ከአባቷ ዋንዛ ላይ ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራ ሰቀለቻት፤ አውራዋንም ከነጎጆዋ አስገባች፤ ንቦቹም ተከትለዋት ገቡ። በማግስቱ ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ ይዘው ሲመላለሱ ታዩ።

አርባው ደረሰ። ደምለው በገብረየስ ጓሮ በሕዝብ ፊት ቆሞ በመጀመሪያ ንቦቹ የኮበለሉት በእሱ ጥፋት መሆኑን ተናገረ። ተናግሮም ቀለለው። ከዚያ የሚጣሉ ልጆችን ለመገላገል ያዘጋጀውን ረጅም ምክር ሊጀምር ሲል ማንጠግቦሽ ቀደመችው።

«ቀፎዋ ለይርጋ ትሰጥ» አለች። «የአባቴ ሙያ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው።»

«እታለም ዐይኗን ነቅላ ቢሆን ኖሮ እኔ ምኑን እይዝ ነበር?» አለ ይርጋ። «የሷ ናት።»

ስንዱ ከዋንዛው ሥር ሆና ወደ ላይ ታያለች። «ለማንም ትሁን፤ ብቻ ከዚህ አትውረድ» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይካፈሏት ቢል አውራዋ አንድ ናት፤ ያለ እሷ ግማሹ መንጋ ይሞታል። ደምለው ያዘጋጀው ምክር ሁሉ ለጠብ እንጂ ለዚህ አልሆነም። የገብረየስን ሦስት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ሲያይ እንባው መጣ። የወዳጁን ቃል አስታወሰ፤ የቱ እንደሆነ ዛሬም አላወቀም፤ አለማወቁ ግን እንደ በፊቱ አላስጨነቀውም። ቢሆንም ምሏልና ሕዝቡ ሳይበተን አንድ ስም መጥራት አለበት።

ዐይኗን ያልነቀለችው ማንጠግቦሽ፣ እጁን የሰጠው ይርጋ፣ እውነቱን ፊት ለፊት የተናገረችው ስንዱ እነዚህ ናቸው። እናንተ በደምለው ቦታ ብትሆኑ ቀፎዋን ለማን ትሰጡ ነበር?