ካፉን የመለሰው ሰውዬ

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ነው ደግሞ፣ እኔና ጋሽ ይመር አባ ላቀውን ይዘን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሽምግልና ሄድን። ለሦስተኛ ጊዜ! ሽማግሌ ሦስቴ ተመላልሶ እሺ ካልተባለ በቃ፣ ነገሩ አበቃለት። ልጁም ሌላ ቤት ይፈልግ፣ ልጅቱም እንባዋን ትጥረግ ማለት ነው። ልጁ ሞላልኝ ይባላል፤ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነው። ልጅቱ ትርሲት ናት። ከተዋደዱ አራት ዓመታቸው፤ ከተማው ውስጥ ይህን ሳይሰማ የቀረው አባቷ ብቻ ነበር።

አባቷ እንግዳወርቅ አብሮ አደጋችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እግር ኳስ ነው ያበላሸው። ሬዲዮ ላይ ሙዚቃ ከሥር እየለቀቁ የውጭ አገር ተጫዋቾችን የሕይወት ታሪክ ሲተርኩ ሰምቶ ሰምቶ፣ ያለውንም የሞተውንም ከነእናቱ ስም በቃሉ ይዞታል። ቀብር ላይ የሟች ታሪክ ሲነበብ እንኳ ከኋላ ሆኖ «ቁመቱን ዘለሉት እኮ!» ይላል። የገዛ ሚስቱን የልደት ቀን ብትጠይቁት ግን ጭንቅላቱን ያካል።

በመጀመሪያው ቀን ስንሄድ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለ ሃንጋሪው ፑሽካሽ ጀመረልን። ሰውዬው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ቦርጩን ይዞ ማድሪድ እንዴት እንደገባ፣ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ እንዴት አራት ጎል እንዳገባ ሲነግረን መሸ። መርቀነው ወጣን። መንገድ ላይ ስንደርስ ነው ለምን እንደሄድን ትዝ ያለን።

በሁለተኛው ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ አልዋሽም። ስለ ኳስ ተጫዋቾች ሲያወራ «ዩሴቢዮ ፖርቱጋል የተወለደ» የምትል ቃል አመለጠችኝ። እንግዳወርቅ ብድግ አለ። «ሞዛምቢክ የተወለደውን ሰውዬ ፖርቱጋል ወለድከው? ከቤቴ ውጣልኝ!» አለ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ «አልወጣም፣ ፖርቱጋል ነው!» አልኩት። ወጣን።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ይመር ጆሮዬን ሊቆነጥጠኝ ምንም አልቀረው።

«ዛሬ አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትል! አንተ ለቁጥር ነው የመጣኸው» አለኝ።

ይመር ልብስ ሰፊ ነው። ኳስ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዴ ሜዳ ወስደነው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲመረምር የቆየው የዳኛውን ቁምጣ አሰፋፍ ነበር። ሰው ግን ያውቃል።

ገባን። «ተቀመጡ» አለን እንግዳወርቅ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ይመር፣ እንደ ደንቡ። «ልጅህን ትርሲትን ለልጃችን ለሞላልኝ ለትዳር ፈልገን ነው የመጣነው።»

ከጓዳው መጋረጃ ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ይታየኛል። አንዱ የትርሲት ነው፣ አንዱ የእናቷ የእትዬ አሰገደች። ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም። ልጅቱ ታሳዝነኛለች።

«መልካም» አለ እንግዳወርቅ። «ሌላ ሰው ቢሆን ሰባት ቤት ዘር ይቆጥር ነበር። እኔ ዘር አልቆጥርም። ፕሮፋይሉን ንገሩኝ።»

«ምኑን?» አለ ይመር።

«ሙሉ ታሪኩን! ቁመት?»

«በዚህ በር ቢገባ ጎንበስ ይላል።»

«በየትኛው እግሩ ነው?»

«ኧረ በሁለቱም ይሄዳል፣ ተመስገን ነው!»

«የትና የት ሠራ?»

«አጎቱ ጎሚስታ ቤት ጀመረ፤ አሁን የራሱን ከፍቷል።»

«ጉዳት?»

«አንድ ጊዜ የአይሱዙ ጎማ አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው ሦስት ቀን ጮኾበታል። አሁን ደኅና ነው፤ ቀስ ብለህ ብታማው ይሰማሃል።»

«ዋንጫስ? አንድም ዋንጫ?»

«ዋንጫ እንኳ የለውም። ብርጭቆ ግን ስድስት አለው፣ አንዷ ብቻ ናት የተሸረፈች።»

አባ ላቀው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እንግዳወርቅ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«አይሆንም!» አለ። «ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝ። ይኼ ልጅ ታሪክ የለውም። ልጄን ታሪክ ለሌለው ሰው አልሰጥም። ይኸው ነው።»

ከመጋረጃው ሥር የትርሲት ጫማ ወደ ኋላ ሸሸ። አንጀቴን በላችኝ። አልቻልኩም፣ አፌን ልከፍት ስል ይመር እግሬን ረገጠኝ።

«እሺ፣ አይሆንም ካልክ አይሆንም» አለ ይመር ዝግ ብሎ። «ግን እኔ መሃይም ነኝ። ታሪክ ያለው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አንዱን ንገረኝና ልሂድ።»

ውይ! ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ማን ያቆመዋል? የይመርን ኮት ከኋላ ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፤ ዘወር ብሎም አላየኝ። የእንግዳወርቅ ዓይን በራ።

«ብራዚላዊውን ካፉን ልንገርህ!» አለ። «ሙሉ ስሙ ማርኮስ ኢቫንጀሊስታ ደ ሞራይስ! ብራዚል ሜክሲኮ አገር ለዓለም ዋንጫ ስትጫወት ተወለደ። ድሃ ሰፈር፣ ብዙ ወንድምና እህት። ኳስ ሊሞክር አንዱ ክለብ ሄደ። አይሆንም አሉት!»

«እኔን!» አለ ይመር። «ምን አድርጎ?»

«ምንም! ሌላው ክለብ ሄደ። አይሆንም አሉት! ሌላው ሄደ። አሁንም አይሆንም! እንዲህ እያለ ስንቱ በር ላይ ተመለሰ መሰለህ!»

«ሽማግሌ ይዞ ነው የሚሄደው?»

«ብቻውን ነው እንጂ! ዝም ብለህ ስማኝ። ልጁ ግን አልተወም። በመጨረሻ አንዱ ተቀበለው። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ! ሦስት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በተከታታይ ተጫወተ! ሁለቱን በላ! በሦስተኛው አምበል ሆኖ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጣና…»

እንግዳወርቅ እውነትም ወንበር ላይ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውኃ ጆግ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ጣራው ከፍ አደረገ። ውኃው አባ ላቀው ላይ ወረደ።

«…እንዲህ አደረገ!» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ይመር አንገቱን ቀና አድርጎ አየው።

«እንግዳወርቅ።»

«አቤት።»

«ያ መጀመሪያ በር ላይ አይሆንም ብሎ የመለሰው ሰውዬ፣ ስሙ ማን ይባላል?»

እንግዳወርቅ ጆጉን እንደያዘ ቆመ። ጣራውን አየ። በጣቱ ሊቆጥር ሲል ጆጉ ሊያመልጠው ሆነ። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህ ሰው የኳስ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ሲያጣ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት፤ ሳልዋሽ ደስ አለኝ።

«እሱ… እሱማ…»

«የእናቱስ ስም?»

«አላውቅም።»

«ቁመቱስ?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ! ካፉን የሚያህል ሰው ከበር የመለሰ ደንቆሮ ማን ስሙን ይይዝለታል?» ብሎ ጮኸ።

«እኮ!» አለ ይመር። «እኛም ሦስት ጊዜ የተመላለስነው ለሞላልኝ ብለን እንዳይመስልህ። ያንተ ስም እንደሱ እንዳይጠፋ ብለን ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ አሰገደች ሳቋ አመለጣት። እንግዳወርቅ ወደ እኛ አየ፣ ወደ ጆጉ አየ።

«አሰገደች!» አለ በመጨረሻ። «ለሽማግሌዎቹ ወንበር አምጪ።»

«መጀመሪያ አንተ ውረድላቸው!» አለችው።

በጥር ተጋቡ። በሠርጉ ቀን እንግዳወርቅ ማይኩን ከዘፋኙ ነጥቆ፣ ሙዚቃ ከሥር አስለቅቆ፣ «ይኼን ልጅ ገና መናኸሪያው በር ላይ ጎማ ሲነፋ አይቼ፣ ትልቅ ቦታ ይደርሳል ብዬ ያገኘሁት እኔ ነኝ!» አለ። ቁመቱንም አልዘለለም።