ከጉድጓዱ ወለል የቆመው ሰው

አንድ ከብት አርቢ ነበር። የሚኖረው ሁለት አገሮች በሚዋሰኑበት ደረቅ ቆላ ነው። በአካባቢው ያለው ውኃ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ነው። ያ ጉድጓድ በገመድ አይቀዳም። ስምንት ሰዎች በግድግዳው እርከን ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ራስ በላይ ቆመው ባልዲውን ይቀባበላሉ። አንድ ሰው ከጎደለ ውኃ የለም።

ድርቁ ሲከፋ ብዙው ሰው ተሰደደ። በወሰኑ ወዲህ ጉልበት ያለው ሰው አራት ቀረ፤ በወዲያም አራት። አራቱና አራቱ ግን ደመኞች ነበሩ።

የሁለቱ አገር ሹማምንት ተቀምጠው ተፈራረሙ። ውኃው በጋራ ይቀዳ፤ አንድ ቀን የወዲያ ከብት ይጠጣ፣ በማግስቱ የወዲህ። እስከ ወለሉ የሚወርደው ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ከብቱ ከማይጠጣው ወገን ይሁን።

የሰውዬው ልጅ ሎኮ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ዓለም አቀፍ ስምምነት ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«መምህራችን ወረቀት ነው ብሎናል» አለችው።

«ወረቀቱን እኔ አላየሁትም። ነገ መጥተሽ እዪ።»

በነጋታው ሎኮ ከአፋፉ እያየችው ወረደ። ውኃው ጉልበቱ ድረስ ነው። ከራሱ በላይ የቆመው ጉዮ የሚባል የወዲያ ሰው ነው። የጉዮን ወንድም የገደለችው ጥይት ከወዲህ የተተኮሰች ናት። አንድ ድንጋይ ከላይ ቢለቀቅ የት ይሸሻል? ይህን ሰውዬው ያውቃል። ጉዮም ያውቃል።

የወዲያ ከብቶች እኩሌታቸው እንደጠጡ ባልዲው ሳይመለስ ቀረ። ከላይ ጩኸት ተሰማ። ከወዲያ የመጡ ሌቦች የወዲህን ሰዎች ሦስት ግመል ነድተው ሄደዋል የሚል ወሬ ደርሷል። አፋፉ ላይ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው የለም። የሰውዬው የሚስት ወንድም ጃርሶ ከአፋፉ ተጣራ።

«ውጣ! ለሌባ ከብት ውኃ አትቅዳ!»

መውጫው በጉዮ እርከን በኩል ነው። ጉዮ አልተንቀሳቀሰም። አፈር በሰውዬው ራስ ላይ ይረግፋል።

«ጉዮ፣ ያልጠጡት ስንት ቀሩ?»

«ሠላሳ ያህል።»

«ግመሎቹን የነዳኸው አንተ ነህ?»

«እዚሁ ራስህ ላይ ቆሜ?»

«እንግዲያው ባልዲውን አውርድ።»

ሌሎቹም፣ ጃርሶም ሳይቀር፣ ወደየእርከናቸው ተመለሱ፤ ሠላሳውም ጠጡ።

ማምሻውን ሲወጣ ጃርሶ እግሩ ሥር ተፋ። «ነገ ተራው የእኛ ነው፤ ከወዲያ አንድ ሰው ቢመጣ ስሜን ቀይሩት» አለ። ሰውዬው ግን የራሱ ከብቶች ሌላ አንድ ቀን ከተጠሙ እንደማይነሡ ያውቃል።

በማግስቱ የወዲህ አራቱ ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ጠበቁ። ፀሐይ ወጣች፤ ከፍ አለች። ማንም አልመጣም። አንዲት ላም በጉልበቷ ወደቀች።

«እንግዲህ ያ ወረቀት ይቅዳልህ» አለ ጃርሶ።

ፀሐይ ስታቃጥል ጉዮ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። ግመሎቹን ሌሊቱን ሲፈልጉ አድረው ነበር፤ አላገኟቸውም፤ ፍለጋው ግን አልተተወም። ይህንኑ ተናገረ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ከእሱ ራስ በላይ ያለው እርከን የጃርሶ ነበር። ጃርሶ ቆመበት። ሎኮ ከአፋፉ በደረቷ ተኝታ የአጎቷን እጆች ትመለከታለች። ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አወረደ።

ወገኖቼ፣ አገርና አገር እንዴት ይስማማሉ ብለው ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ፊርማና ማኅተም ትላላችሁ? ፊርማ መልካም ነው፤ ጉድጓድ ግን አይወርድም። የሚወርደው ሰው ነው። ልጆቻችሁም አፋችሁን ትተው እጃችሁን ያያሉ።

እናንተስ ከጎረቤታችሁ ጋር ውል የላችሁም? ከወንድማችሁ ጋር? አንድ ክፉ ወሬ በሰማችሁ ቀን ስንቶቻችሁ ባልዲውን ጣላችሁ? እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ማን ነው? ውል በጥጋብ ቀን አይፈተንም። የሚፈተነው ቂም በያዛችሁበት ሰው ከብት ፊት፣ ለእናንተ ጠብታ በማይደርስበት ቀን ነው።

ያ ቀን ዛሬ ነው እንበል። ከወለሉ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ወገናችሁ ከላይ ውጡ እያለ ይጮኻል። ባልዲውም እጃችሁ ላይ ነው። ምን ልታደርጉ ነው?